«ሳልጠራ፣ በሌለሁበት እገዳ ወጣብኝ»፦ የሥርዓት ጉድለት ትዕዛዝ ያስነሳል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህታችን ከለንደን ጽፋለች። ወንድሟ በሃውዚንግ አሶሲዬሽን (ማኅበራዊ ቤት የሚያከራይ ድርጅት) ቤት ብቻውን ይኖራል፤ ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በቅርቡ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ በር ሥር ወፍራም ፖስታ ወድቆ አገኘ። ውስጡ የካውንቲ ኮርት ትዕዛዝ ነው፦ በሕንፃው ውስጥ ማንንም ሰው እንዳይረብሽ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከሁለት እንግዳ በላይ እንዳያስገባ፣ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር እንዳይነጋገር ይላል። ከጣሰ ፖሊስ ሊይዘው ይችላል። ችሎቱ የተካሄደው እሱ ሳይጠራ ነው። አብሮ የመጣው የሃውዚንግ ኦፊሰሯ የምስክርነት ቃል ሲሆን፣ «ሬዚደንት ኤ እና ሬዚደንት ቢ እንዲህ ነገሩኝ» እያለ ይሄዳል። ቀጣዩ ቀጠሮ ሁለት ሳምንት አይሞላም። «ማስጠንቀቂያ እንኳን አልደረሰውም። አንድ ሰው ሥርዓቱን ስላልተከተሉ ትዕዛዙ ፈራሽ ነው፣ አትጨነቅ ብሎታል። እውነት ነው? እስከዚያስ ባያከብረው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ትዕዛዙ በራሱ ፈራሽ አይደለም። ዳኛ የሰጠው ትዕዛዝ፣ ስህተት ቢኖርበት እንኳን፣ ዳኛ እስኪያነሳው ድረስ ይሠራል። ያ መካሪ ማን እንደሆነ ባላውቅም ምክሩ ወንድምሽን እስር ቤት ሊያስገባው ይችላል። ኢንጃንክሽን (የፍርድ ቤት እገዳ) መጣስ ፍርድ ቤት መድፈር ነው፤ ጣሪያው 2 ዓመት እስራት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ያክብረው። ማታ እንግዳ አይጥራ። ያን ጎረቤት ደረጃ ላይ ቢያገኘው እንኳን ቃል ሳይተነፍስ ይለፍ። ማክበሩ ጥፋቱን እንደማመን አይቆጠርበትም፣ አትስጉ።

የሥርዓት ጉድለቱ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አለው፤ በጊዜው፣ በትክክለኛው ቅጽ፣ በትክክለኛው ዳኛ ፊት ከቀረበ። ዳኛው ሁልጊዜ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «እሺ፣ ይህ ተጓድሏል፤ ታዲያ ምን አሳጣህ?» የስም ፊደል ስህተት፣ የገጽ ቁጥር መዝለል ማንንም ምንም አያሳጣም። ሰውየውን ሳይጠሩ ትዕዛዝ ማውጣት፣ ዳኛው ማወቅ የነበረበትን ነገር መደበቅ፣ ማን እንደተናገረው የማይታወቅ ወሬ እንደ ማስረጃ ማቅረብ ግን ያሳጣል። ብዙ ሰው አሥራ ምናምን ጉድለት ዘርዝሮ ይመጣና ዳኛው ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ወንድምሽን ምን እንዳሳጣው ከተነገረ።

በመጀመሪያ የያዛችሁት ወረቀት ምን እንደሆነ እወቁ። እኛ ሀበሾች ሁሉንም በጅምላ «አስቦ» (ASBO፣ አካባቢውን በሚረብሽ ሰው ላይ ይወጣ የነበረ የድሮ ትዕዛዝ) ነው የምንለው። አስቦ በ1998 በወጣ ሕግ የመጣ ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ በ2014 በወጣው የአንቲ ሶሻል ቢሄቪየር (ሰው የሚረብሽ ባህሪ) ሕግ ተተክቷል። በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ በየራሳቸው ሕግ አለ፤ እዚያ የምትኖሩ የዚህን ጽሑፍ የቀን ገደብ እንዳትከተሉ፣ ሕጉ ሌላ ነው። ወንድምሽ የያዘው በ2014ቱ ሕግ ክፍል 1 የሚሰጥ ኢንጃንክሽን ነው፤ እሱም ገና ጊዜያዊው። መንግሥት በ2025 «ሪስፔክት ኦርደር» የሚባል አዲስ ነገር ለአዋቂዎች ለማምጣት ረቂቅ ሕግ ፓርላማ አስገብቷል፤ ስለዚህ ወደፊት ይህን የምታነቡ ሰዎች የወረቀታችሁን ርዕስ አይታችሁ ነው መነሳት ያለባችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ሳይጠሩ ችሎት መግባት ክልክል ነው? አይደለም። የ2014ቱ ሕግ አንቀጽ 6 ይፈቅደዋል። ግን ፈቃዱ ለአስቸኳይ ጉዳይ ነው። ሰውየው መጥሪያ ከደረሰው ምስክር ሊያስፈራራ ወይም ሊደበድብ ይችላል የሚባልበት ዓይነት ጉዳይ ማለት ነው። አመልካቹም ለምን እንዳልጠራው በምስክርነት ቃሉ ላይ መጻፍ አለበት። እንግዲህ የኦፊሰሯን ወረቀት ውሰዱና ያንን አንቀጽ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት አንድ መስመር ነው፦ «ተከሳሹ ቢያውቅ ሁኔታው ሊባባስ ይችላል ብለን እንሰጋለን።» ለምን ይባባሳል? ማን ዛተ? መቼ? ከዚያ መስመር በታች ምንም ከሌለ የመጀመሪያውና ትልቁ ነጥባችሁ እሱ ነው። ቅሬታዎቹ የተመዘገቡበትን ቀንም እዩ። የመጀመሪያው ቅሬታ ከአምስት ወር በፊት ከሆነና አመልካቹ አምስት ወር ሙሉ ከተቀመጠ፣ ድንገት በአንድ ቀን ምን አስቸኮለው?

እዚህ ላይ በ2005 የይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነው የሞውት ሃውዚንግ ጉዳይ አለ። ባለቤት የሆነው ሃውዚንግ አሶሲዬሽን አንድ ቤተሰብ ሳይጠራ ከቤቱ እንዲወጣ የሚያደርግ ትዕዛዝ አውጥቶ ነበር። የይግባኝ ዳኞቹ ሰውን ሳይሰሙ ማዘዝ ከተለመደው የፍትሕ አካሄድ መውጣት ነው፣ ልዩ ምክንያት ይፈልጋል፣ ትዕዛዙም አደጋውን ለመከላከል ከሚያስፈልገው አልፎ መሄድ የለበትም አሉ። ጉዳዩ የቀድሞው ሕግ ዘመን ቢሆንም ጠበቆች ዛሬም ይጠቅሱታል። የወንድምሽ ጉዳይ ቤት አያስለቅቅም፤ ስለዚህ ያንኑ ያህል ይከብዳል አልልም። መርሁ ግን ያው ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግዴታ አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ሌላው ወገን በሌለበት ዳኛ ፊት የሚቀርብ አመልካች የራሱን ብቻ አይደለም መናገር ያለበት። የተቀናቃኙን መልስ የሚረዳ ነገር ካወቀ እሱንም መናገር አለበት። ወንድምሽ ራሱ ስለዚያ ጎረቤት አቤቱታ አስገብቶ ያውቃል? ኢሜይል ልኳል? የጥገና ቡድን መጥቶ «ወለሉ ድምፅ ያስተላልፋል» ብሎ ጽፏል? እነዚህ በሃውዚንጉ ፋይል ውስጥ እያሉ ለዳኛው ካልተነገሩ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በሌለበት የተካሄደው ችሎት ማስታወሻ፣ እና ለዳኛው የቀረበው ሙሉ ሰነድ። ካልሰጧችሁም አለመስጠታቸው ራሱ ነጥብ ነው።

ቀኑ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 23.10 መሠረት፣ ማመልከቻው ሳይደርሰው ትዕዛዝ የወጣበት ሰው ትዕዛዙ እንዲነሳ ወይም እንዲሻሻል ማመልከት ይችላል፤ ትዕዛዙ ከደረሰው በኋላ በ7 ቀን ውስጥ። ቅጹ ኤን 244 (N244) ይባላል። ትዕዛዙ ላይ ራሱ ይህ መብት መጻፍ አለበት፤ የመጨረሻውን ገጽ እዩት። ካልተጻፈ እሱም አንድ ጉድለት ነው፣ እናንተ ብትዘገዩ የዘገያችሁበትን ምክንያት ስለሚያስረዳ ጥሩ ጉድለት ነው። ለቅጹ ክፍያ አለ፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ግን የክፍያ እርዳታ ስላለ ገንዘብ የለኝም ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

«ቀጠሮ እያለ ለምን ሌላ ማመልከቻ?» ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቀጠሮው ላይም መከራከር ይቻላል፣ አንዳንድ ጠበቃም ያንን ይመርጣል። እኔ ግን አስገቡ ነው የምለው፣ በተለይ ትዕዛዙ ሥራውን ወይም ቤቱን የሚነካ ከሆነ። ማመልከቻ ካለ ዳኛው የሥርዓቱን ጥያቄ በግድ ይነካዋል። ከሌለ ቀጠሮው ላይ «አሁን እኮ ተከሳሹ እዚህ አለ፣ ያለፈው አለፈ» ተብሎ ይታለፋል።

ስለ ማስጠንቀቂያው ግን ላሳዝንሽ ነው። ለኢንጃንክሽን ሕጉ አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የግድ ነው አይልም። «ደብዳቤ አልደረሰኝም» ብቻውን አያስነሳም። ግን ማኅበራዊ ቤት የሚያከራዩ ድርጅቶች በ1996ቱ የሃውዚንግ ሕግ መሠረት የራሳቸውን የአንቲ ሶሻል ቢሄቪየር ፖሊሲና የአሠራር ሥርዓት አውጥተው ለሰው ክፍት ማድረግ አለባቸው። ብዙውን ጊዜ ዌብሳይታቸው ላይ አለ። አውርዱትና አንብቡት። «መጀመሪያ ተከራዩን እናነጋግራለን፣ ከዚያ ሽምግልና እናቀርባለን፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያ እንጽፋለን» የሚል ካለና አንዱንም ካላደረጉ፣ የራሳቸውን ቃል ነው ያፈረሱት። ዳኛው ትዕዛዙን መስጠት ተገቢ ነው ወይ ብሎ ሲመዝን ይህን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል። ሰውየው ከ18 ዓመት በታች ቢሆን ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ጉዳዩ የሚታየው በወጣቶች ፍርድ ቤት ነው፣ አመልካቹ የወጣት አጥፊዎችን ቡድን ማማከርም አለበት።

ወደ ሬዚደንት ኤ እና ቢ እንምጣ። የስሚ ስሚ ማስረጃ እዚህ አገር በፍትሐ ብሔር ችሎት ተቀባይነት አለው። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ ብዙ ነው፣ አገር ቤት እንኳን እንዲህ አይደረግም የሚልም አለ። ግን ተቀባይነት ማግኘትና ክብደት ማግኘት ለየብቻ ናቸው። የ1995ቱ የማስረጃ ሕግ ዳኛው ክብደቱን ሲለካ ምን ምን እንደሚያይ ይዘረዝራል፦ የተናገረው ሰው ራሱ ቢመጣ ይቻል ነበር ወይ፣ ነገሩ ሲፈጸምና ሲነገር መካከል ስንት ጊዜ አለፈ፣ ተናጋሪው ለመዋሸት ምክንያት አለው ወይ። በሞውት ሃውዚንግ ጉዳይም ዳኞቹ ምስክሩ ለምን ራሱ እንዳልመጣ በቀጥታ ማስረጃ ማሳየት ይገባል ብለዋል። «ፈርቷል» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም።

አንድ መስመር ወስደን እንየው። «ሬዚደንት ቢ ቅዳሜ ሌሊት ከፍተኛ ጫጫታና ጩኸት ከ… ቤት መሰማቱን ነገረኝ» ይላል እንበል። ቅዳሜ የትኛው ቅዳሜ? ስንት ሰዓት? ሬዚደንት ቢ የት ሆኖ ሰማ? ከየትኛው ቤት እንደመጣ በምን አወቀ? ከዚያ ወንድምሽ የሥራ ፈረቃውን ያምጣ። ማታ የሚሠራ ሰው በዚያ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርዱን እንደነካ የሚያሳይ መዝገብ ካለው፣ ከአሥር ገጽ ክርክር ይበልጣል። አለቃው አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍለት። የባንክ ካርዱ፣ የአውቶቡስ ጉዞው ሁሉ ይሠራል። ከሦስት ክስ አንዱ እንኳን እንዲህ በወረቀት ሲወድቅ፣ ዳኛው የቀሩትን ሁለቱን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ይህ የሚያስፈልገው ደግሞ የማስረጃው ደረጃ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። በድሮው አስቦ ዘመን፣ ከ2002 ጀምሮ፣ ድርጊቱ መፈጸሙ እንደ ወንጀል ክስ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ ነበረበት። አሁን አይደለም። በርሚንግሃም ካውንስል ተከራካሪ በነበረበት ጉዳይ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ለዚህ ኢንጃንክሽን ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ በቂ ነው ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ኢንተርኔት ላይ የቆየ ጽሑፍ አንብባችሁ «ከጥርጣሬ በላይ» ብላችሁ እንዳትከራከሩ።

የወንድምሽን የምስክርነት ቃል በተመለከተ የኛ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳትበት ነገር አለ። እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ይቀመጥና ያምር ዘንድ ይጽፍለታል፣ እሱ ይፈርማል። ከዚያ ችሎት ላይ ሲጠየቅ የፈረመውን አያውቀውም። ከ2020 ሚያዝያ ጀምሮ ደንቡ ግልጽ ነው፦ የምስክርነት ቃል በምስክሩ በራሱ ቋንቋ ነው የሚጻፈው፤ ከተተረጎመ በኋላ ሁለቱም ይገባሉ፣ ተርጓሚውም ትክክል ነው ብሎ ያረጋግጣል። እንግሊዝኛው የማይበቃው ከሆነ በአማርኛ ይጻፍ። ሰዓቱን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉት። «ማታ 2 ሰዓት ላይ እንግዶቼ ሄዱ» ብሎ የተናገረ ሰው፣ ተርጓሚው ካላስተዋለ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ድረስ ድግስ ላይ ነበርኩ ብሎ በራሱ ላይ መስክሯል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያስቃል፤ ችሎት ላይ ግን አያስቅም።

ቀጥሎ የትዕዛዙን ቃላት እዩ። ትዕዛዝ ሲሰጥ ሰውየው ምን ማድረግ እንደሌለበት አንብቦ መረዳት አለበት። «ማንንም ሰው እንዳይረብሽ» የሚለው በጣም ሰፊ ነው። ቡና ሲወቀጥ ጎረቤት ቢበሳጭ ጥሷል ማለት ነው? ከሁለት እንግዳ በላይ አይግባ የሚለውስ? ለቅሶ ቢደርስበት በሩን ይዝጋ? እነዚህን ለዳኛው በምሳሌ አስረዱ። ሕጉም ክልከላው በተቻለ መጠን የሰውየውን የሥራና የትምህርት ሰዓት እንዳይነካ ያዛል። ሳይጠራ በወጣ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ላይ ደግሞ «ኮርስ ግባ፣ ምክር አገልግሎት ሂድ» የሚል ነገር መጨመር አይቻልም። ትዕዛዙ ሙሉ በሙሉ ባይነሳ እንኳን ጥርሱ የሚወልቀው እዚህ ነው፤ እኔ እንዳየሁት ብዙ ሰው በትክክል የሚያተርፈውም ከዚህ ነው።

ፖሊስ የመያዝ ሥልጣኑም የራሱ መስፈርት አለው። ዛቻ ወይም ኃይል፣ አለዚያም በሌላ ሰው ላይ ጉዳት የመድረስ ጉልህ ስጋት ከሌለ ከትዕዛዙ ጋር አይያያዝም። ጫጫታ ብቻ ከሆነ ቅሬታው፣ ይህ ክፍል እንዲነሳ በተለይ ጠይቁ። የመያዝ ሥልጣን የተያያዘባቸው አንቀጾችም ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

በቀጠሮው ቀን ከችሎት በፊት ኮሪደር ላይ የሃውዚንጉ ጠበቃ መጥቶ «አንደርቴኪንግ ስጥና እንጨርስ» ሊለው ይችላል። ጥፋቱን ሳያምን ለፍርድ ቤቱ ቃል መግባት ማለት ነው። የመያዝ ሥልጣን አይያያዝበትም። አንዳንዴ ጥሩ መውጫ ነው። ግን ቃሉን ማፍረስም ፍርድ ቤት መድፈር ስለሆነ፣ «ማንንም አልረብሽም» የሚል ሰፊ ቃል እንዳይፈርም። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ኮሪደር ላይ ቆሞ በጥድፊያ አይፈርም፤ አስተርጓሚ ፊት ቁጭ ብሎ ያንብብ። አስተርጓሚውን ከአሁኑ ለፍርድ ቤቱ ጽፋችሁ ጠይቁ። «የኢትዮጵያ ቋንቋ» ሳይሆን «አማርኛ» በሉ፣ አለዚያ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም። ለዚህ ዓይነት ኢንጃንክሽን ገቢው ከፈቀደ ሊጋል ኤይድ (መንግሥት የሚከፍለው የጠበቃ እርዳታ) አለ፤ የሃውዚንግ ሶሊሲተር (የቤት ጉዳይ ጠበቃ) ወይም በአካባቢው ያለ ሎው ሴንተር (የሕግ ምክር ማዕከል) ዛሬ ይደወልላቸው። ነገ አይደለም።

ቀጠሮው ላይ ቢሸነፍ ይግባኝ አለ፤ በ21 ቀን፣ በፈቃድ። የይግባኙ ደንብ ሁለት በር ይከፍታል፦ ውሳኔው የተሳሳተ ከሆነ፣ ወይም በከባድ የሥርዓት ጉድለት ምክንያት ፍትሕ የተጓደለ ከሆነ። «ከባድ» የምትለዋን ልብ በሉ። ይግባኝ መባሉ ብቻውንም ትዕዛዙን አያቆመውም።

እግዚአብሔር አያድርገውና ጣሰ ተብሎ ቢቀርብ፣ ያኔ ሥርዓቱ ሁሉ ጥብቅ ይሆናል። ጥሰቱ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት፣ ዝም የማለት መብት አለው፣ ሊጋል ኤይዱ ገቢ ሳይታይ ሊሰጥ ይችላል፣ የአስተርጓሚ መብቱም ሊነገረው ይገባል። ትዕዛዙ በእጁ ደርሶታል ወይ የሚለው ጥያቄም እዚያ ላይ ይነሳል። ያ በር ሥር የተወረወረ ፖስታ በእጅ እንደመስጠት አይቆጠርም ብሎ መከራከር ይቻላል። ግን ትዕዛዙን እንደሚያውቅ ከታወቀ ዳኛው ይህን ሊያልፈው ስለሚችል በዚህ ተማምኖ እንዳይጥስ። ጥሰት በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ ደግሞ አከራዩ ቤቱን ለማስለቀቅ በጣም ጠንካራ ምክንያት ያገኛል፤ ይሄ ከእስራቱ በላይ ያሳስበኛል።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር። ምግብ ቤትና ካፌ ያላችሁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመጣባችሁ ኢንጃንክሽን አይደለም፤ ካውንስሉ ወይም ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ኮሚዩኒቲ ፕሮቴክሽን ኖቲስ (ረብሻውን እንድታስተካክሉ የሚያዝ ወረቀት) ነው። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው የግድ ነው፦ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ለማስተካከል በቂ ጊዜ፣ ከዚያ ነው ኖቲሱ። ይህ ከተዘለለ ትልቅ ነገር ነው። ይግባኙ ለማጅስትሬት ኮርት ነው፣ ኖቲሱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ፤ ከምክንያቶቹ አንዱም በኖቲሱ ላይ መሠረታዊ ጉድለት መኖሩ ነው። ይህን ቀን አሳልፋችሁ ኋላ ጥሳችኋል ተብላችሁ ስትከሰሱ «ኖቲሱ ድሮም ስህተት ነበር» ማለት አይሠራም፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 በግልጽ ወስኖታል። ይግባኝ ላይ እያላችሁም «አድርጉ» የሚለው ትዕዛዝ ይቆማል፣ «አታድርጉ» የሚለው ግን ይቀጥላል።

እህቴ፣ ፖስታው የተገኘበትን ቀን አልጻፍሽም። 7 ቀኑ ካላለፈ ኤን 244ቱን ነገ አስገቡ። ካለፈ በዚያው ቅጽ ላይ ጊዜው እንዲራዘምላችሁ ጠይቁና የዘገያችሁበትን ምክንያት ከነቀኑ ጻፉ፤ የማታ ሥራ፣ ቋንቋ፣ ሶሊሲተር ፍለጋ፣ ለማን መቼ እንደደወላችሁ። ፖስታውንም ራሱን እንዳትጥሉት።